እስከ ሠላሳ ቁጠሪ

መስከረም 13

ለባሌ እህት፣

ደብዳቤ በሰላምታ ይጀመራል ስለተባለ እንደምን አለሽ እላለሁ። መልሱን ለማወቅ ጓጉቼ ግን አይደለም። እኛ ደህና ነን። ወንድምሽ ደህና ነው፣ እናትሽም ደህና ናቸው። ለጊዜው ይህ ይበቃሻል።

ከሠርጌ ቀን ጀምሮ አንድ ቃል ተነጋግረን አናውቅም። ዘጠኝ ዓመት! በሠርጌ ፎቶ ሁሉ ላይ ግራ ዓይኔ ተጨፍኖ፣ አብጦ፣ ቀልቶ ነው ያለው። የአይላሹን፣ የሰው ሠራሹን ሽፋሽፍት፣ ሙጫ ዓይኔ ውስጥ ያፈሰሰችው እጅ ያንቺ ናት፤ አውቀሽ እንዳደረግሽውም ዘመድ ሁሉ ያውቃል። ወንድምሽ ያን ጊዜ ስልክሽን እንደዘጋብሽ እስከ ዛሬ አልከፈተልሽም። እኔም ክፈትላት ብዬው አላውቅም፣ አልልምም። አድራሻሽን ያገኘሁት እናትሽ መሀረባቸው ውስጥ ቋጥረው ካስቀመጡት ወረቀት ላይ ነው። ከመለስሽልኝ ወደ ቤት እንዳትልኪ፤ ጀርባው ላይ ባለው በምሠራበት ሳሎን ፖስታ ሣጥን ቁጥር ላኪ። ወንድምሽ ካየው ሁለታችንም አለቀልን።

ለምን እንደጻፍኩ ልንገርሽ። አንድ የውበት ሳሎን ውስጥ ሰባት ዓመት ሙሉ ፀጉር አጣቢ ነኝ። እጄ በሻምፖ ብዛት ተልጦ አልቋል። በጣቶቼ መሀል ይሰነጠቃል፣ ይደማል፤ ሎሚ ከነካሁማ እንባዬ ዱብ ዱብ ይላል። ሐኪሙ "ውሃ ተይ" አለኝ። ውሃ ትቼ ምን ልብላ? ባለፈው ወር ታዲያ አይላሽ የምትለጥፍልን ልጅ መንገዱን ተሻግራ የራሷን ሳሎን ከፈተችና ግማሹን ደንበኛ ይዛ ሄደች። ማዳም፣ ማለትም የሳሎኑ ባለቤት፣ ሰበሰበችንና "በጥር ሃያ ቀን አንዲት ሙሽራ ትመጣለች። እሷን አሳምራ የለጠፈችልኝ ወንበሩን ትወስዳለች" አለች። የአይላሹ ወንበር ውሃ የሌለበት ደረቅ ሥራ ነው። እጄን አወጣሁ። "ትችያለሽ?" አለችኝ። "እለማመዳለሁ" አልኳት። "ካልቻልሽ ግን ማጠቢያው ላይም አልፈልግሽም፤ በሚደማ እጅ ደንበኛ አይታጠብም" አለችኝ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ።

ችግሩ ዓይን ስነካ እጄ ይንቀጠቀጣል። ራሴ ላይ ብሞክር ጉንጬ ላይ ተለጠፈ። ከስልክ ላይ ቪዲዮ አየሁ፤ ሴትየዋ እንደተባረረ ሰው እየተጣደፈች ትለጥፋለች፣ "ቆይ እስቲ፣ ምን አልሽ?" ቢሏት አትመልስ። ከማውቀው ሰው ይህን ሥራ የምትሠሪው አንቺ ብቻ ነሽ። እዚያ በተሰደድሽበት አገር በዚሁ ሥራ እንደምትተዳደሪ ሰምቻለሁ። ማን ዓይኑን አምኖ እንደሚሰጥሽ እንጃ።

ስለዚህ እንዋዋል። አንቺ ትምህርት ትልኪያለሽ፣ እኔ የእናትሽን ወሬ እልካለሁ። አንድ በአንድ። በነፃ የሚላክ የለም።

የወንድምሽ ሚስት


ጥቅምት 2

ለወንድሜ ሚስት፣

ፈጣሪ ጤናሽን ይስጥሽ። የምመርቅሽ እናቴን የምታበላት እጅ ያንቺ ስለሆነች ብቻ ነው።

ደብዳቤሽን አንብቤ ልቀደው ነበር። እናቴን በችርቻሮ ልትሸጪልኝ ነው? ምን ዓይነት ደረቅ ነሽ! ግን ዘጠኝ ዓመት ድምጿን ሰምቼ አላውቅም፤ ይህን ስለምታውቂ ነው የደፈርሽኝ። እሺ፣ ተዋውለናል። ስለ ሠርግሽ ግን ሁለተኛ እንዳታነሺብኝ።

አሥራ ሁለት ጥንድ አይላሽ፣ ሁለት ሙጫና አንድ ወረንጦ ልኬልሻለሁ። የቅንድብ መንቀያ ወረንጦ እንዳይመስልሽ፤ ጫፉ የታጠፈው ለዚህ ሥራ ነው፣ ለእሾህ እንዳታውሺው።

አንደኛ ትምህርት። እጅሽ የሚንቀጠቀጠው አየር ላይ ስለሆነ ነው። አየር ላይ ያለ እጅ የማንም ይንቀጠቀጣል። ክርንሽን የሆነ ነገር ላይ አስደግፊ፣ ትንሿን ጣትሽን የሴትየዋ ጉንጭ ላይ አሳርፊ። አይላሹን ከማሸጊያው ስታነሺ ፀጉሩን ይዘሽ እንዳትጎትቺ፤ በወረንጦው ከጥጉ ጀምረሽ ቀስ እያልሽ አላቂው። ከዚያ ዓይኗ ላይ ለኪው። ብዙ ጊዜ ይረዝማል። ጫፉን ቁረጪ። ጣትሽ ላይ ጠቅልለሽ ለስለስ አድርጊው። ሙጫ አሁን እንዳትነኪ። መጀመሪያ ያለ ሙጫ ማስቀመጥ ልመጂ፣ መቶ ጊዜ።

አሁን ዕዳሽን ክፈይ። እናቴ ጉልበቷን ያማት ነበር፤ እንዴት ሆነላት? ጥርሷ አለ? አሁንም ሬዲዮ እየሰማች ትሳደባለች? ስለ እኔ ትጠይቃለች?

የባልሽ እህት


ጥቅምት 20

ለባሌ እህት፣

እንደምን ሰነበትሽ። እኔ በንዴት ሰነበትኩ።

ጫፉን ቁረጪ አልሽ፣ ቆረጥኩ። አሥራ ሁለቱንም ጥንድ፣ በስፌት መቀስ፣ ቁጭ ብዬ፣ አንድ በአንድ እያስተካከልኩ። እናትሽ ዓይን ላይ ባስቀምጠው የጥርስ ብሩሽ መሰለ። "እንዲህ ነው እንዴ የሚያምረው?" ብዬ ለራሴ ይዤ ቆየሁ። በማግስቱ ሳሎን ወስጄ ለጥፍር ሠሪዋ ባሳያት መሬት ላይ ቁጭ ብላ ሳቀች። ሆዷን ይዛ! "የሚቆረጠው እኮ ክሩ ነው፣ አይላሹ የተሰካበት ክር! ፀጉሩን ማን ቁረጪ አለሽ?" አለችኝ። ማን እንዳለኝ መናገር አፈርኩ። ማዳም ሰምታ "ሙሽራዋን ይህቺ ልትነካት ነው?" አለች።

ንገሪኝ እስቲ፣ አውቀሽ ነው? አንዴ ዓይኔን፣ አሁን ደግሞ እንጀራዬን?

ቃሌን የማከብር ሰው ስለሆንኩ የእናትሽን ወሬ እነሆ። ጥርሳቸው ስድስት ቀርቷል፤ ስድስቱም ይሠራል። ጉልበታቸው ደረጃ ሲወጡ ያማቸዋል፣ ለጠብ ሲነሱ ግን አያማቸውም። ሬዲዮው ከተሰበረ ቆይቷል፤ አሁን የሚሰሙትም የሚሳደቡትም እኔን ነው። ለልምምድ የማስቀምጠው እሳቸውን ነው። ሌላ ማን ዓይኑን ይሰጠኛል? ጭራሽ ወደዱት። ያን የተቆራረጠውን አይላሽ በትንሽ ሙጫ አስይዘውኝ፣ ነጠላቸውን ጣል አድርገው ጎረቤት ሄዱ። ጎረቤት ዓይን ዓይናቸውን ሲያያቸው "ምነው? ለእኛ ሲሆን ነው የሚያስቅ?" አሉ። ሁለት ቀን ሙሉ አላወልቅም አሉ። ወንድምሽ "እማማ ዓይንሽን ምን ነካው?" ሲላቸው "አንተ መቼ አይተኸኝ ታውቃለህ" አሉት።

ስለ አንቺ ይጠይቃሉ ወይ ላልሽው፣ ይህ ሌላ ጥያቄ ነው። ሌላ ትምህርት ሲመጣ ይመለሳል።

የወንድምሽ ሚስት


ኅዳር 8

ለወንድሜ ሚስት፣

ሰላምታው ይቅርብሽ።

ጫፉን ማለት የክሩን ጫፍ ነው! የክሩን! ዓይን ላይ ለኪው፣ ይረዝማል ካልኩሽ ምኑ ነው የሚረዝመው? ፀጉሩ ከዓይን ይረዝማል ተብሎ ይቆረጣል? ታዲያ ለምን ይለጠፋል? በሥራዬ ብዙ ዓይነት ሰው አይቻለሁ፣ አሥራ ሁለት ጥንድ ከርክሞ "አውቀሽ ነው?" የሚል ግን አንቺን አየሁ። ሌላ ስድስት ጥንድ ልኬያለሁ። የክሩን ጫፍ በቀይ የጥፍር ቀለም ነክቼልሻለሁ፤ የምትቆርጪው ቀዩ ጋ ነው። ይህንንም ከሳትሽ ማጠቢያው ላይ ቅሪ።

እናቴን ደግሞ መጫወቻ አታድርጊያት። የሰባ አራት ዓመት ሴት ናት። ቆዳዋ ስስ ነው፤ ስታወልቂ እንዳትጎትቺው፣ ጥጥ በዘይት ነክረሽ አርሰሽ፣ ጠብቀሽ አንሺው። አንድ ሽፋሽፍት ከነቀልሽባት እመጣልሻለሁ።

ሁለተኛ ትምህርት። ሙጫ። ክሩ ላይ ቀጭን መስመር ቀቢ፣ ጥግና ጥጉ ላይ ትንሽ ጨመር አድርጊ። ከዚያ ወረንጦው ላይ እንደያዝሽው እስከ ሠላሳ ቁጠሪ። ነጩ ሙጫ ውሃነቱን ትቶ እስኪያጣብቅ ድረስ ማለት ነው። ከዚያ መሀሉን አሳርፊ፣ ቀጥሎ የውጭውን ጥግ፣ መጨረሻ በአፍንጫ በኩል ያለውን። ከሠላሳው እንዳትሰርቂ! እርጥብ ሙጫ ይንሸራተታል፣ ዓይን ውስጥ ይገባል። ይህ የሥራው ሀ ሁ ነው። ሳይቆጥር የሚለጥፍ ሰው ወይ እብድ ነው ወይ የዚያ ዓይን ጠላት ነው።

አሁን መልሺ። ትጠይቃለች?

የባልሽ እህት


ኅዳር 24

ለባሌ እህት፣

ቀዩን አየሁት፣ ቀዩ ጋ ቆረጥኩ። ልክ መጣ። ክርኔን አስደግፌ፣ ትንሿን ጣቴን የእናትሽ ጉንጭ ላይ አሳርፌ፣ እየቆጠርኩ ለጠፍኩ። ቀኝ ዓይናቸው ላይ እንደራሳቸው ሆነ። በመስታወት አይተው "ይህማ የእኔ ነው" አሉ። ለአንድ አፍታ ላመሰግንሽ ነበር።

ጥያቄሽን ልመልስ። በየቀኑ ይጠይቃሉ። በስምሽ አይጠሩሽም፣ ወንድምሽ እንዳይሰማ። "ያቺ ጉንዳኔ ምን ትል ይሆን?" ይሉኛል። በልጅነትሽ ትንሽና ተናካሽ ስለነበርሽ ነው አሉ ያወጡልሽ። እንደምንጻጻፍ ነግሬያቸዋለሁ። ደብዳቤዎችሽን አነብላቸዋለሁ፤ ስትሰድቢኝ ይስቃሉ።

ሁለተኛውን ትምህርት ሳነብላቸው ግን መሀል ላይ አቆምኩ። ሳይቆጥር የሚለጥፍ ወይ እብድ ነው ወይ ጠላት አልሽ። በራስሽ እጅ ነው የጻፍሽው፤ ወረቀቱ እዚህ አለ። እኔ ያን ቀን ዓይኔን የጨፈንኩት ስትጠጊኝ ነው፤ ከዚያ በፊት ሁሉንም በመስታወት እያየሁ ነበር። ቱቦውን ጨመቅሽው። ሙጫው ከክሩ ላይ ሲንጠባጠብ አየሁ። ቀጥታ ወደ ዓይኔ አመጣሽው። ሠላሳ ይቅር፣ ሦስት አልቆጠርሽም! ከዚያ ከሳምንት በፊት "ለወንድሜ አትሆንም" ያልሽው ቃልም ደርሶኝ ነበር። ዘጠኝ ዓመት ግን ልቤ ጥግ ላይ "ምናልባት አምልጧት ይሆን?" እል ነበር። አንዳንዴ ለወንድምሽም "ምናልባት" ልለው እዳዳ ነበር። አሁን ሥራውን ራስሽ አስተማርሽኝ። እብድ አልነበርሽም። እንግዲህ አንዱ ቀረ።

ለምን እንደሆነ ንገሪኝ። ሌላ ትምህርት ባትልኪም ይህን ንገሪኝ።

የወንድምሽ ሚስት


ታኅሣሥ 20

ለባሌ እህት፣

ዝም አልሽ። ዝምታሽን አውቀዋለሁ፤ ያን ቀንም ወንድምሽ ጓዳ ጠርቶ ሲጠይቅሽ ዝም ነው ያልሽው አሉ።

አንድ ወር ቀረኝ። ቀኝ ዓይን ይሳካልኛል። ግራው ላይ ስደርስ እጄ ይከዳኛል፤ እየቆጠርኩ ሃያ ላይ መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ማዳም ሌላ ልጅ እየጠየቀች እንደሆነ ጥፍር ሠሪዋ በጆሮዬ ነገረችኝ። እጄ ደግሞ በዚህ ብርድ ብሶበታል፣ ጨርቅ ጠቅልዬ ነው የምተኛው።

እናትሽ ጉንፋን ይዟቸው አሁን ተሽሏቸዋል። ይህን በነፃ ነው የነገርኩሽ፤ እናት ናቸውና ትሰጊያለሽ ብዬ። ለአንቺ ብዬ እንዳይመስልሽ።

የወንድምሽ ሚስት


ጥር 4

ለወንድሜ ሚስት፣

ሰላምታዬን ለእናቴ ስጪልኝ። ለአንቺ ሌላ ነገር ነው ያለኝ። አራት ጊዜ ጽፌ ቀድጄዋለሁ፤ ይህን ሳላነበው ነው የምልከው፣ እንደመጣልኝ ተቀበይው።

አልወድሽም ነበር። ለወንድሜ አትሆንም ብያለሁ፣ ሰው እየሰማ ብያለሁ። አሁንም ያን ቃሌን አላነሳም። አንድ ወንድም ነው ያለኝ፤ ወስደሽ በሩን የቆለፍሽብኝ አንቺ ነሽ።

ዓይንሽን ግን አውቄ አልነካሁትም። አልቻልኩበትም ነበር። ገባሽ? በሕይወቴ አይላሽ ለጥፌ አላውቅም። የመጀመሪያዬ አንቺ ነበርሽ።

የሦስት ወር ኮርስ ጨርሻለሁ ብዬ አልነበር? ፀጉርም ጥፍርም ተምሬያለሁ። አይላሽ በተማሩበት ሳምንት ታምሜ ቀረሁ፤ በኋላ "እኔ አልተማርኩም" ብሎ መጠየቅ አሳፈረኝ። ተመረቅኩና በቤቴ በር ላይ ታፔላ ሰቀልኩ፤ የሙሽራ ሜካፕ ይላል፣ በትልቁ። የሠርጉ ቀን ሲቆረጥ ወንድሜ "እህቴ እያለች ማንን እንጠራለን!" እያለ ለሰው ሁሉ አወራ። ታዲያ እንዴት ብዬ አልችልም ልበል? ያን ጠዋት አንቺ ዓይንሽን ስትጨፍኚ ጉልበቴ ሁሉ ይንቀጠቀጥ ነበር። መቁጠር እንዳለብኝ አላውቅም ነበር። ባውቅም የምቆጥር አይመስለኝም፤ የምፈልገው ለጥፌ መገላገል ብቻ ነበር።

ሙጫው ሲፈስ ወንድሜ ጠርቶ "አውቀሽ ነው?" አለኝ። አዎ ካልኩ ክፉ ነኝ። አይደለም ካልኩ "ታዲያ ምን ሆንሽ?" ይለኛል። ያን ጊዜ ሥራውን አታውቅም ይባላል፣ ታፔላዬም ይወርዳል። ክፉ ብትሆንም እጇ ጥሩ ነው የሚል ሰው ይኖራል፤ ለማታውቅ ግን ዓይኑን የሚሰጥ የለም። ስለዚህ ዝም አልኩ። ዝምታዬን አዎ ብላችሁ ወሰዳችሁት፣ እኔም ተውኳችሁ። ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ታፔላው ግን ለማንኛውም አልቀረልኝም፤ ሙሽራ ሁሉ ከቤቴ ሸሸ። በአራተኛው ወር አወረድኩትና አገር ጥዬ ወጣሁ። ሥራውን የተማርኩት እዚህ ነው፣ ማንም በማያውቀኝ ቦታ። ሁለት ወር ሙሉ የፕላስቲክ ጭንቅላት ላይ ነው የለጠፍኩት።

እንግዲህ ደስ ይበልሽ። ክፉ ብቻ ሳልሆን ውሸታምም ደነዝም ነበርኩ። ለወንድሜ ብትነግሪውም ባትነግሪውም እንደፈለግሽ።

ሦስተኛ ትምህርት። ለግራው ዓይን ከፊቷ አትቁሚ። ሴትየዋ ወደ ኋላ ትደገፍ፣ አንቺ ከራስጌዋ ዙሪና ከላይ ወደ ታች እያየሽ ለጥፊ። ያን ጊዜ ለእጅሽ ግራና ቀኙ አንድ ነው። እጅሽ ከተንቀጠቀጠ አቁሚ። ሙጫው ቢደርቅ ጠርገሽ እንደገና ትቀቢዋለሽ፤ ምንም አይደለም። ለመገላገል ብለሽ ብቻ አትለጥፊ።

የባልሽ እህት


ጥር 21

ለባሌ እህት፣

በጤና ቆዪልኝ። ያልጨረስኩት ጠብ አለኝና አንድ ነገር እንድትሆኚብኝ አልፈልግም።

ደብዳቤሽ ከሙሽራዋ ሁለት ቀን ቀድሞ ደረሰኝ። ማጠቢያው አጠገብ ቆሜ አነበብኩት። መጀመሪያ ሳቅኩ። ከዚያ የመጣብኝ ንዴት ደንበኛዬን ከነአረፋዋ ትቼ ጓሮ አስወጣኝ። ዘጠኝ ዓመት የጠላሁሽ ክፉ ነሽ ብዬ ነበር። ክፉ ቢሆን ምክንያት አለው፣ ይገባኛል። አንቺ እኮ ዓይኔን ለታፔላ ነው የሰጠሽው! ለቆርቆሮ! አሁን ያን ሁሉ ጥላቻ የት አባቴ ላድርገው?

ወንድምሽ ከሥራ ሲገባ ሰጠሁት። ሁለት ጊዜ አነበበው። ወጥቶ መኪናውን አጠበ። ገባ፣ ቁጭ አለ፣ እንደገና ወጥቶ አጠበው። "ታዲያ ለምን አልነገረችኝም?" አለኝ፣ እኔ የማውቅ ይመስል። እናትሽ ከመኝታቸው ሆነው "እኔማ አውቅ ነበር" አሉ። "ያን ጠዋት ሁለት ብርጭቆ ሰብራለች። እጇ እንዲህ እንዲህ ይል ነበር።" እኔና ወንድምሽ በአንድ አፍ "ታዲያ ምነው ዘጠኝ ዓመት ዝም አሉ?" ብንላቸው "ማን ጠየቀኝ?" ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ከማን እንደወጣሽ ያን ጊዜ ገባኝ።

ትናንት ሙሽራዋ መጣች። አንደኛ ክፍል የምታስተምር ልጅ ናት፤ ሦስት ሚዜዎች ይዛለች። ወንበሩ ላይ ተቀመጠችና በመስታወቱ አየችኝ። "እህቴ፣ ብዙ ሰው ሠርተሻል አይደል?" አለችኝ። ማዳም በሩ ላይ ቆማለች። ጥፍር ሠሪዋ ሥራዋን ትታ ታየኛለች። እጄን ኪሴ ውስጥ ደብቄያለሁ። "አዎ" ምላሴ ላይ ነበረች፤ ምን ያህል ቀላል ቃል እንደሆነች አልነግርሽም፣ አንቺ ታውቂያለሽ። ብላት ማንም አያውቅብኝም ነበር።

"አይ" አልኳት። "ከአማቴ በቀር የማንንም ዓይን ነክቼ አላውቅም። እጄም ይንቀጠቀጣል። ሥራውን ግን አውቀዋለሁ።"

ማዳም ስትተነፍስ ሰማኋት። አንደኛዋ ሚዜ ቦርሳዋን አነሳች። ወንበሩም ማጠቢያውም በአንድ ቃል ሄዱ አልኩ በልቤ። ሙሽራዋ ግን "እንዴት ነው የሚሠራው?" አለችኝ። ሙጫው ተቀብቶ እስከ ሠላሳ እንደሚቆጠር ነገርኳት። "እንግዲያው ጮክ ብለሽ ቁጠሪ። እኔም እቆጥራለሁ። ተማሪዎቼ መርፌ ሲፈሩ እንዲህ ነው የማደርጋቸው" አለችና ዓይኗን ጨፈነች።

ቆጠርን። መጀመሪያ የሚሰማው የእሷ ድምፅ ብቻ ነበር። አሥራ ሁለት ላይ ሚዜዎቹ ገቡበት፣ ሃያ ላይ ጥፍር ሠሪዋ። ቀኙ ልክ ገባ። ለግራው ከራስጌዋ ዞርኩ። ቆጥረን ለጠፍኩት፤ የውጭው ጥግ ብድግ አለብኝ። ለመጫን፣ ነካ ነካ አድርጎ ለማለፍ እጄን ሰደድኩ፣ ከዚያ መለስኩት። "ተነስቷል። ልድገመው?" አልኳት። "ድገሚው" አለችኝ። በዘይት አንስቼ፣ ቆዳውን ጠርጌ አድርቄ፣ ሌላ አውጥቼ፣ እንደገና ከአንድ ጀመርን። ዓይኗን ስትገልጥ ነጩ ነጭ ነበር። ቅላት የለ፣ እንባ የለ። ራሷን አየችና "እኔ ነኝ?" አለች።

ማዳም ሰው ሁሉ እስኪወጣ ጠብቃ "ሁለተኛ ደንበኛዬን እንዲህ ብታስደነግጪ አባርርሻለሁ" አለችኝ። ከዚያ "ሰኞ ወንበሩን ወደ መስኮቱ አስጠጊው፤ ብርሃን ያስፈልግሻል" ብላ ቁልፏን አንስታ ሄደች።

ወንበሩ የእኔ ሆነ ማለት ነው። እጄን ቅባት ቀብቼ፣ ጓንት አድርጌ ተቀምጬ ነው ይህን የምጽፈው፣ ለዚህ ነው ፊደሌ የተበላሸው። ደስ ብሎኛል እንዳልል ቀኑን ሙሉ ሳለቅስ ነው የዋልኩት። በንዴት ነው። ዓይኔን ትቼልሻለሁ፤ እሱ በሳምንቱ ድኗል። የማልተውልሽ ሌላ ነው። ያን ጠዋት እኔም ፈርቼ ነበር። ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር፤ የማላውቀው ቤት ውስጥ፣ አትሆንም ያለችኝ ሴት ፊት ዓይኔን ጨፍኜ፣ እጄን በእጄ ይዤ። የምትወደኝ ሰው በዚያ ክፍል አልነበረኝም። አንቺም ከፊቴ ቆመሽ እየተንቀጠቀጥሽ እንደነበር አላወቅኩም። ሁለት ሴቶች፣ አንድ ወንበር፣ አንዳችንም ትንፍሽ አላልንም። "ፈራሁ፣ አልችልበትም" ብትይኝ ኖሮ፣ አንቺ ደነዝ፣ አብረን እንቆጥር ነበር።

የወንድምሽ ሚስት